ካቶክቲን ተራራ ላይ ማደር

እሷ፦ እኛ የዋሽንግተንና የሜሪላንድ ሐበሾች ቅዳሜና እሑዳችንን በሠርግና በለቅሶ እንጨርሰዋለን። ከከተማው በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ርቆ ግን ካቶክቲን ተራራ ላይ ካኒንግሃም ፎልስ የሚባል የግዛቱ ፓርክ አለ።

እሱ፦ ፏፏቴው 24 ሜትር ያህል ይወርዳል። የታችኛው መንገድ አጭር ነው፤ ልጆች ይዞም ይኬድበታል። በገደሉ በኩል ያለው ድንጋያማ ስለሆነ ጠንካራ ጫማ ይፈልጋል።

እሷ፦ እኔን ከፏፏቴው ይልቅ የሚገርመኝ ጫካው ነው። ከ1776 እስከ 1903 እ.ኤ.አ. በተራራው ሥር የብረት ማቅለጫ ይሠራ ነበር። ለረጅም ዘመን የሚነደው የእንጨት ከሰል ስለነበር ዛፉ ተጨፍጭፎ አልቆ ነበር። ዛሬ በጥላው የምንሄድበት ደን ከዚያ ወዲህ የበቀለ ነው።

እሱ፦ የማቅለጫውን እሳት ካነደዱት መካከል በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን ነበሩበት። ፍርስራሹ ማነር በሚባለው የፓርኩ ክፍል በኩል ዛሬም ይታያል። በ2023 ተመራማሪዎች እዚያ የተቀበሩ የ27 ሰዎችን ዘረመል መርምረው ውጤቱን አሳትመዋል። እኛ ከአፍሪካ የመጣን ሰዎች ይህን ሳናይ፣ ለልጆቻችንም ሳንነግር ባናልፍ ደስ ይለኛል።

እሷ፦ እኔም። ማደር የሚፈልግ ቦታ አስቀድሞ ይያዝ፤ በበጋ ቅዳሜና እሑድ ፓርኩ ከሞላ መግቢያው ይዘጋል። አካባቢው ጥቁር ድብ አለበት፤ ምግብ መኪና ውስጥ ይቆለፍበት እንጂ ድንኳን ውስጥ አይደር።

እሱ፦ የማገዶ እንጨትም ከቤት ጭናችሁ አትምጡ፤ ዛፍ የሚገድሉ ነፍሳት አብረውት ይጓዛሉ። እባካችሁ፣ እዚያው አካባቢ ግዙ።