ሜምፊቦስቴን ፈልጎ ስለ ማስመጣት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የሳኦል የልጅ ልጅ ሜምፊቦስቴ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ፥ አያቱና አባቱ በጦርነት መሞታቸው በተሰማ ጊዜ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወደቀና ሁለት እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ታሪኩ በሳሙኤል ካልዕ ተጽፎ ይገኛል። ካደገም በኋላ ሎዶባር በሚባል ስፍራ በሰው ቤት ተጠግቶ ይኖር ነበር። ንጉሥ ዳዊት ስለ ወዳጁ ስለ ዮናታን ብሎ ቸርነት ሊያደርግለት በወደደ ጊዜ፥ ደጄ ክፍት ነውና የፈለገ ይምጣ ብሎ አልተቀመጠም። አስቀድሞ ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቀ፤ ያለበትን ካወቀም በኋላ ልኮ አስመጣው፤ ከማዕዱ አስቀመጠው፤ የአያቱንም እርሻ መለሰለት።

ዛሬ ልንናገርበት የወደድነው ስለዚህ መጠየቅና መላክ ነው። በአገራችን ለድኾች ልጆች ያለ ዋጋ የሚሰጥ ርዳታ ፈጽሞ ጠፍቶ አያውቅም። ናጋሳኪ በአቶሚክ ቦምብ ስትቃጠል በዐይኑ ያየው እንግሊዛዊው አውሮፕላን ነጂ ሌናርድ ቼሻየር፥ ከጦርነቱ በኋላ ሕይወቱን ለአካል ጉዳተኞች ሰጠ፤ በስሙ የሚጠራውም በጎ አድራጎት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1962 ወደ አገራችን ገብቶ በመናገሻ ፖሊዮ ሽባ ያደረጋቸውን ሕፃናት ተቀብሎአል። ደጁ እንግዲህ አለ። የሚጎድለው ከሎዶባር የሚያመጣ መልእክተኛ ነው።

ይህም እንዲገለጥልን ቆልማማ እግር ይዘው የሚወለዱትን ሕፃናት እንመልከት። ከአንድ ሺሕ ሕፃናት አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። ፖንሴቲ የተባለው ሐኪም ባስተማረው መንገድ፥ የሕፃኑ እግር በየሳምንቱ በእጅ ቀስ እየተባለ ይቀናና በጄሶ ይታሰራል፤ ይህ አምስት ስድስት ጊዜ ያህል ከተደረገ በኋላ ብዙውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት ይቆረጣል፤ ከዚያም በዘንግ የተያያዙ ጫማዎች ይደረጉለታል። ዛሬ በአያሌ ሆስፒታሎቻችን ይህ ሁሉ በበጎ አድራጊዎች ርዳታ ያለ ክፍያ ይፈጸማል።

ነገር ግን ስድስት ጄሶ ማለት ስድስት ጊዜ መሄድና ስድስት ጊዜ መመለስ ነው። እንጀራ ጋግራ ሸጣ፥ ወይም የሰው ልብስ አጥባ የምታድር እናት በሄደች ቀን ገቢ የላትም፤ የአውቶቡስ ሒሳብ አለባት፤ በቤት የቀሩትን ልጆች የሚያበላላት ያስፈልጋታል። ሕክምናው በነጻ ነው ብለን ስንነግራት እርስዋ የምታስበው ይህን ነው።

ከዚህም የከፋው ኀፍረት ነው። ጎረቤት የእናቲቱን ኀጢአት፥ የአባቱን እርግማን ይቆጥራል፤ ሕፃኑም እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ ይገባል። ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ይህንኑ በጠየቁት ጊዜ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም አልበደሉም ብሎ ጥያቄውን ከሥሩ እንደ ቆረጠው ሳናውቅ ቀርተን ነውን?

ጠበሉስ ይቀራልን የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። አይቀርም። ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ሲራክ ጽፎልናል። ብቻ ጄሶ በውኃ ይፈርሳልና፥ በታሰረበት ወራት ሕፃኑ ጠበሉን ይጠጣ እንጂ እግሩን አይነከር፤ ካህናት አባቶቻችን ይህን ለእናቶች ቢነግሩልን መልካም ነው።

የንስሐ አባት በየቤቱ ይገባል፤ በጓዳ ያለውን ከእርሱ የሚሰውር ጥቂት ነው። እንግዲህ ይጠይቅ። ዕድራችን ለሞተው ሰው ድንኳኑን፥ ወንበሩን፥ ገንዘቡን ያዘጋጃል፤ በሕይወት ላለው ሕፃን የስድስት ጊዜ መመላለሻ ማውጣት ይከብደዋልን? ሰንበቴ ማኅበራችንስ ከሚዘክረው ጥቂት ቀንሶ እናቲቱ በሄደችበት ቀን ለልጆችዋ ምሳ ቢልክ፥ ዝክሩ ይጎድልበታልን?

ጄሶው ሲፈታ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላል፤ አላለቀም። ጫማዎቹን በመጀመሪያው ሦስት ወር ቀንም ሌሊትም፥ ከዚያ በኋላ በእንቅልፍ ጊዜ እስከ አራት ዓመቱ ድረስ ማድረግ አለበት። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናቲቱም ትደክማለች፤ እግሩ ቀንቶአል ብላ ጫማውን ስትተወው ተመልሶ ይቆለመማል። ስለዚህ እስከዚያ ዕድሜው ድረስ በየወሩ ወደዚያ ቤት ጎራ እያለ፥ ጫማው ጠብቦት፥ ማሰሪያው ተበጥሶ እንደ ሆነ የሚጠይቅ አንድ ሰው ከማኅበሩ መካከል በስሙ ይመደብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።