በሶብላ በአዳማ ጓሮ



ሽሮውም፣ በርበሬውም፣ ንጥር ቅቤውም ያለ በሶብላ ሙሉ አይሆንም። ሆኖም አብዛኞቻችን ደርቆና ታስሮ የመጣውን ከገበያ እንገዛለን፤ ስንት ወር እንደቆየ፣ ፀሐይ ላይ ይሁን ጥላ ሥር እንደደረቀ አናውቅም። እኔ የምለው፣ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ ጥቂት ክንድ መሬት ያለው ሁሉ የራሱን በሶብላ ያብቅል ነው።

አየሩ ይፈቅድልናል። በሶብላ ሙቀት ይወዳል፤ ውርጭ ሲመታው ጠቁሮ ይሞታል። ደገኛው በኅዳርና በታኅሣሥ የሚቸገርበትን ተክል እኛ ያለ ስጋት እናሳድገዋለን። የእኛ ችግር ሌላ ነው፦ አሸዋማው አፈራችን ውኃ ቶሎ ያሳልፋል፣ የበጋው ነፋስም የቀረውን ያደርቃል። ስለዚህ መደቡ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ሊጠግብ ይገባል፤ ውኃውንም ማለዳ፣ ከሥሩ ይጠጣ።

ዘሩ ደቃቅ ነው። ውኃ ሲነካው ዙሪያውን ልጋግ የመሰለ ሽፋን ያወጣና እርጥበት ይይዛል። ጠልቆ ከተቀበረ ግን አይወጣም፤ አፈር በስሱ ነስነስ ማድረግ ይበቃዋል። ችግኙ ጥቂት ቅጠሎች ሲያወጣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዛወራል። አንድ ስንዝር ሲደርስ ጫፉ ይቀጠፍ፤ ከተቀጠፈበት ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ያወጣል።

ከዚያ በኋላ ግን እጃችንን እንሰብስብ። ጣሊያኖች የሚያበቅሉት ባዚሊኮ ከእኛው በሶብላ ጋር አንድ ዝርያ ነው። እነሱ ለጋ ቅጠሉን ስለሚፈልጉ አበባው ብቅ ሲል ይቆርጡታል። ይህን ምክር ከውጭ መጽሐፍ እንዳለ ወስዶ ጓሯችን ላይ ማዋል ምርቱን መጣል ነው። የእናቶቻችን ቅመም አበባው ነው፤ ያ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ዘለላ፣ በጣት ሲታሽ መዓዛው እጅ ላይ የሚቀረው።

በሰኔ የተዘራ በሶብላ ክረምቱ ሲወጣ ያብባል፤ በጥቅምት ደረቅ አየር ሲታጨድ ሻጋታ አያሰጋውም። ማድረቂያው ነፋስ የሚገባበት ጥላ ይሁን። መዓዛውን የያዘው ዘይት በቀላሉ የሚተን ነውና የእኛ ፀሐይ ቅመሙን ገለባ አድርጋ ታስቀረዋለች።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ንቦች አበባውን አጥብቀው ይወዱታል። ከውጭ የመጣ ባዚሊኮ አጠገቡ ካበበ ዘሩ ይዳቀላል፤ ለከርሞ የምንዘራውም የእናቶቻችን በሶብላ አይሆንም። ስለዚህ ለዘር የሚቀረው ብቻውን ይተከል። ወንዶ ገነት ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ተክሎችን ያጠናል፤ የከተሞቻችን የግብርና ጽሕፈት ቤቶች ከማዕከሉ ጋር ተነጋግረው ጥሩ ዘር ለነዋሪው ቢያደርሱ ትልቅ ሥራ ነው።

እስከዚያው ግን አንጠብቅ። ያላረጀ ደረቅ ዘለላ ውስጥ የሚበቅል ዘር አለ። ቤታችሁ ካለው እስር ጥቂት ፈርክታችሁ በመጪው ሰኔ ዝሩት፤ ለጎረቤትም አካፍሉ።