ስለ ስኮትላንድ ከተሞችና ስለ ሕዝባቸው ቍጥር



ስኮትላንድ በብሪታንያ ደሴት በሰሜን ወገን ያለች ተራራማ አገር ናት። የሕዝቧም ቍጥር በ2022 ዓመት በኤውሮጳ አቈጣጠር 5 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ያህል ሆኖ ተገኘ። በዚህ ንግግር የሚጠራው ዘመን ሁሉ በዚሁ በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው። አብዛኛው ሕዝብ የሚኖረው በአገሪቱ ወገብ ላይ፥ በክላይድና በፎርዝ ወንዞች አካባቢ ባለው ዝቅተኛ ምድር ነው፤ የሰሜኑ ተራራ ግን ሰፊ ሲሆን ሰው የሳሳበት ነው።

ይህን ሕዝብ አስቀድመው የቈጠሩት የመንግሥት ሹማምንት ሳይሆኑ የየአጥቢያው ካህናት ናቸው። አሌክሳንደር ዌብስተር የሚባል የኤዲንበርግ ካህን ከባልንጀራው ከሮበርት ዋላስ ጋራ ሆኖ፥ የሞቱ ካህናት ለሚተዉአቸው ሚስቶችና ልጆች መጦሪያ የሚሆን ገንዘብ ያቋቁም ነበረ። ስለዚህም በየዓመቱ ስንት ካህን እንደሚሞት፥ ስንቱም መበለት ትቶ እንደሚያልፍ ሲያሰላ የቍጥርን ጥቅም ዐወቀ። በ1755 ለየአጥቢያው ካህናት ደብዳቤ እየጻፈ የምእመናኑን ቍጥር ሰበሰበ። ነገር ግን አንዳንዱ ካህን የጻፈው ስለ ሃይማኖቱ ተጠይቆ መመለስ የሚችለውን ሰው ብቻ ስለ ነበረ ሕፃናቱ ሳይቈጠሩ ቀሩ። ዌብስተርም የቀሩትን በሒሳብ ገምቶ ጨመረ፤ ድምሩም 1 ሚሊዮን ከ265 ሺህ ሆነ። ሕፃናትን የተወ መዝገብ ለትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚረባ መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

መንግሥት ራሱ መቍጠር የጀመረው በ1801 ነው። ከዚያ ወዲህ በየዐሥር ዓመቱ ተቈጥሯል፤ በ1941 ብቻ በጦርነት ምክንያት ቀረ፥ የ2021ም በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ወደ 2022 ተላለፈ።

ከከተሞቹ ሁሉ ታሪኩ የሚያስደንቀው ግላስጎው ነው። በ1801 የግላስጎው ነዋሪ 77 ሺህ ያህል፥ የዋናው ከተማ የኤዲንበርግ ነዋሪ ደግሞ 82 ሺህ ያህል ስለ ነበረ፥ ሁለቱ እኩዮች ነበሩ ማለት ይቻላል። ከመቶ ዓመት በኋላ ግን የግላስጎው ሕዝብ 760 ሺህ ደረሰ። ይህም የሆነው የጥጥ መፈተያው፥ የድንጋይ ከሰሉ፥ የብረት ማቅለጫውና የመርከብ መሥሪያው ሰውን ስለ ሳበ ነው። (በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስም ርስቱ በዚሁ በከሰል አገር፥ በፎልከርክ ከተማ አጠገብ ነበረ፤ ከሰሉንም በአቅራቢያው ላለው ለካሮን ብረት ማቅለጫ ይሸጥ ነበረ።) ከሰሜኑ ተራራ መሬታቸው ለበግ መሰማሪያ የተወሰደባቸው ገበሬዎች፥ ከአየርላንድም ከ1845 ጀምሮ ድንች በመበላሸቱ ረኃብ ያሳደዳቸው ድኾች ወደ ግላስጎው ጐረፉ።

ሰው በዛ፥ ቤት ግን አልበዛም። ብዙ ቤተ ሰብ ከነልጆቹ በአንዲት ክፍል ያድር ነበረ። ውሃውም የቈሸሸ ስለ ነበረ በ1848 እና በ1849 ኮሌራ ገብቶ 4 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። ስለዚህ የከተማው ሹሞች ካትሪን ከሚባለው የተራራ ሐይቅ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት በቦይና በቧንቧ ንጹሕ ውሃ አስመጡ፤ ሥራውንም በ1859 ንግሥት ቪክቶሪያ መርቃ ከፈተችው። በ1866 ኮሌራ ተመልሶ ሲመጣ የሞተው ሰው መቶ እንኳ አልሞላም።

ከ1862 ጀምሮ ደግሞ፥ በጠባብ ቤት ውስጥ ስንት ሰው እንዲያድር እንደ ተፈቀደ የሚናገር የቆርቆሮ ሰሌዳ በየበሩ ይመታ ጀመረ። ተቈጣጣሪዎችም በሌሊት መጥተው በር እያስከፈቱ የተኛውን ይቈጥሩ ነበረ። ከተፈቀደው በላይ የሆነው ድኻ ግን ሌላ ማደሪያ የለውምና በቁም ሣጥን ውስጥና በጣራ ላይ ይሸሸግ ነበረ። ሰሌዳው ሰውን ቈጠረ እንጂ ቤት አልጨመረም።

በ1912 የከተማው ወሰን ሰፍቶ ጎቫንና ፓርቲክ የሚባሉት ጎረቤቶች ስለ ተጨመሩ፥ የግላስጎው ሕዝብ ከሚሊዮን አለፈ፤ በ1951ም 1 ሚሊዮን ከ90 ሺህ ያህል ነበረ። በ2001 ግን ከ580 ሺህ አነሰ። ይህ ሁሉ ሰው አልሞተም። አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው እንደ ኢስት ኪልብራይድና እንደ ከምበርኖልድ ወዳሉ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ተቈረቈሩ ከተሞች ተዛወረ፤ የመርከብ መሥሪያዎቹም ስለ ተዘጉ ብዙው እንጀራውን ፍለጋ ወደ ሌላ አገር ሄደ። በ2022 ቍጥሩ ወደ 620 ሺህ ተመልሶ ከፍ ብሏል።

ኤዲንበርግ በ2022 512 ሺህ ያህል፥ አበርዲን 224 ሺህ ያህል፥ ደንዲ 148 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራቸው። ደንዲ ጁት የሚባለውን ቃጫ ከቤንጋል እያስመጣች ስትፈትል ኖረች፤ ሠራተኞቹም አብዛኛዎቹ ሴቶች ነበሩ። አበርዲን በዓሣና በጥርብ ድንጋይ ትታወቅ ነበረ፤ ከ1970 ወዲህ ግን የባሕር ዘይት አበለጸጋት።

በዚያ አገር «ሲቲ» የሚለው የክብር ስም ከዘውድ የሚሰጥ ነው እንጂ በሕዝብ ብዛት የሚገኝ አይደለም። ስተርሊንግ በ2002፥ ደንፈርምሊንም በ2022 ይህን ስም ተቀበሉ። ከስተርሊንግ ይልቅ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያላት ፔይዝሊ ግን እስካሁን ተራ ከተማ ትባላለች።