ምጽዋት ሥርዓት ትሻለች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በኢየሩሳሌም ማዕዱ ሳይጐድል አንዳንድ መበለቶች ይዘነጉ ነበር። ስለዚህ ሐዋርያት እስጢፋኖስን ጨምሮ ሰባት ዲያቆናት አስመርጠው በማዕዱ ላይ ሾሙ። የጐደለው ቸርነት ሳይሆን ሥርዓት ነበርና።

በ2013 ዓ.ም. በተነሣው ጦርነት በትግራይ፥ በአማራና በአፋር እጅግ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተሰደደ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብዙዎች ሲመለሱ፥ ሌሎች ገና በመጠለያ ቀርተዋል።

ጎተራው ተራቍቶ፥ በሬው ታርዶ ለሚቆየው ተመላሽ ዱቄት ብቻ አይበቃውም፤ ዘርም ያሻዋል። የመዝሪያው ወራት ካለፈ በኋላ የደረሰ ዘር ግን የከርሞውን ራብ እንደማይመልስ እኛ የጥሊሊ ገበሬዎች እናውቃለን።

ለጋሾች ሳይመካከሩ ቢሰጡ፥ በመኪና መንገድ ዳር ላለው ሁለት ጊዜ ይሰፈርለታል፤ ከተራራው ማዶ ያለችው ባልቴት ጦሟን ታድራለች። ስለዚህ ካህኑ፥ የቀበሌው ሹምና ረድኤት አምጪው በአንድ መዝገብ ይሥሩ፤ የተጻፈውም በሕዝብ ፊት ይነበብ። ዘመዱን ያስቀደመ መዝጋቢ ከድኻ ጉሮሮ ነጥቋል።

እኛም ከአውድማችን ስናዋጣ፥ «ያልደረሰው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። አምላከ እስጢፋኖስ ለስደተኞች በሰላም መግባትን፥ ለእኛም ቅን ልቡናን ይስጠን፤ አሜን።