ለብቻቸው ለሚኖሩ ተማሪዎች ስለ አስቤዛ
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረጉት ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ አስቤዛ ነው። ነገሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ግን ከቤተሰብ የተላከለት ገንዘብ በወሩ አጋማሽ አልቆበት በሻይና በዳቦ የሚያድር ተማሪ በየግቢያችን አለ። የራበው ልጅ ደግሞ ትምህርት አይገባውም። ሲጠየቅም «በልቻለሁ» ነው የሚለው፤ ይሉኝታ ይዞት ነው።

ገንዘቡን የሚጨርሰው ብዙ መብላት አይደለም፤ የሚገዛበት መንገድ ነው። ዛሬ የአንድ ወጥ ዘይት፣ ነገ ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ከነገ ወዲያ ሁለት እንጀራ እየተባለ በዱቤ ሲወሰድ በየጊዜው ትርፍ ይከፈልበታል። ስለሆነም የሚከተለውን እመክራለሁ።

1ኛ/ ገንዘቡ እንደደረሳችሁ ከሁሉ አስቀድማችሁ የወሩን ደረቅ አስቤዛ ግዙ፤ ይኸውም ሽሮ፣ ምስር፣ በርበሬ፣ ጨውና ዘይት ነው። አንድ ኪሎ ሽሮ ለአንድ ሰው ከ15 ጊዜ ያላነሰ ወጥ ይወጣዋል። ከእንጀራ ጋር ሲበላ ገንቢ ነው፤ ቶሎ ስለሚበስልም ከሰሉን ወይም መብራቱን ይቆጥባል።

2ኛ/ ብቻችሁን አትግዙ፤ ተቧደኑ። አራት ሆናችሁ ሩብ ኩንታል ጤፍ ብትገዙ ለእያንዳንዳችሁ 6 ኪሎ ከሩብ ይደርሳችኋል። የግድ ማኛ ካልሆነ አትበሉ፤ ሰርገኛውም ይበቃል። አዲሱ እህል ገበያ ሲገባ፣ ከታኅሣሥ በኋላ ቢገዛ ይመረጣል።

3ኛ/ ሽንኩርትና ድንች በመደብ ሲገዛ ዓይን ያታልላል፤ በኪሎ አስመዝኑ። የሸማቾች ማኅበር ሱቅና የእሑድ ገበያ ካለ ዋጋውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድንቹን ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ ብርሃን ካገኘው አረንጓዴ ይሆንና ይመራል፣ ለጤናም አይሆንም። ቲማቲም ግን ለሁለት ለሦስት ቀን የሚበቃችሁን ብቻ።

4ኛ/ ዱቤ ግድ ከሆነ ባለሱቁ ሲጽፍ እናንተም በደብተራችሁ ጻፉ። ያኔ በወሩ መጨረሻ ጭቅጭቅ አይኖርም።

አሁን ወደ እኛ ወደ አከራዮቹ ልምጣ። «እሳት አይነድም፣ ወጥ አይሠራም» እያልን ስናከራይ ልጆቹን ወደ ምግብ ቤት እየገፋናቸው ነው። በሳምንት አንድ ቀን ምጣዳችንን ብናውሳቸው፣ እነሱም የመብራቱን ድርሻ ቢከፍሉ ማን ይጎዳል? የእኛም ልጆች እኮ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ነው የሚማሩት።

ስለዚህ ተቧድናችሁ መግዛት የምትፈልጉ ተማሪዎች፣ ምጣድ ለማዋስ ፈቃደኛ የሆናችሁ እናቶችም፣ እኔ ዘንድ ተመዝገቡ። የማኅበሩ ሚዛን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለማካፈያ ይሰጣችኋል።



የማኅበሩ ጸሐፊ