“ትግሉን ተው” ከማለታችን በፊት

በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኘት ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ “ከምትሠሪበት አካባቢ አንድ ነገር ይዘሽ ነይ” ሲሉኝ ብዙዎቻችሁ ስለ ወባ ወይም ስለ እናቶች ጤና የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ዛሬ የመጣሁት ስለ ጉልበት ልናገር ነው። በተለይ ትግል እየተጫወቱ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ወጣቶች። ትግል ስል ደግሞ በልጅነታችን በሬዲዮ ስንሰማው የኖርነውን ትግል አይደለም፤ ሜዳ ላይ ተያይዞ መጣጣሉን ነው።

አማርኛችን ለመገጣጠሚያውም ለኃይሉም አንድ ስም ነው የሰጠው። ሰው “ጉልበቴ ከዳኝ” ሲል የቱን ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሚሴ ላይ በዚህ በኩል ትንሽ ይቀላል፤ አፋን ኦሮሞ የሚናገረው ታካሚ “ጅልባ” ካለ መገጣጠሚያውን ነው። ይሁንና እሱም ቢሆን ጅልባው ሲያመው የሚፈራው ሌላኛውን ጉልበት ማጣት ነው። ሥራውን፣ ስግደቱን፣ በጓደኞቹ ፊት ያለውን ቦታ።

አካባቢውን ለማታውቁት፣ ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከቦርከና ወንዝ ጋር የጨፋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ከብት በብዛት የሚሰማራበት ምድር ነው። ሰኞ ባቲ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይቆማል፤ ሰው ብዙ ይሄዳል፣ ብዙ ይሸከማል። ከብት ባለበት እረኛ አለ፤ እረኞች ባሉበት ደግሞ ትግል አለ። በአፋን ኦሮሞ ዋልአንሶ ይሉታል። ትግል ደንብ ወጥቶላቸው በአገር አቀፍ ደረጃ ውድድር ከሚካሄድባቸው የባህል ስፖርቶቻችን አንዱ ነው። ስለዚህ “የልጆች ልፊያ ነው” ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም።

ታዲያ ትግል ጉልበትን እንዴት ይጎዳል? እግር መሬት ላይ ተተክሎ ገላ ሲዞር ጠመዝማዛው ኃይል ጉልበት ላይ ያርፋል። ኤሲኤል የምንለው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ተጋጣሚ ከጎን ሲወድቅበት ደግሞ የውስጠኛው የጎን ጅማት ይለጠጣል። ጉልበት ታጥፎ ከጭነት ጋር ሲዞር ሜኒስከስ ይቀደዳል። በመጨረሻም በጉልበት ተንበርክኮ ደጋግሞ መታሸት አለ፤ ከጉልበት ሎሚ ፊት ያለው ቡርሳ ያብጣል። ቆዳው ከተላጠ ደግሞ ሊመግል ይችላል።

ኤምአርአይ በሌለበት ቦታ የምንሠራ ሐኪሞች ያለን ትልቁ መሣሪያ ጥያቄ ነው። እኔ አራት እጠይቃለሁ። “ያበጠው መቼ ነው?” በተጎዳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካበጠ ውስጡ ደም እንዳለ እጠረጥራለሁ፤ የኤሲኤል ነገር ወዲያው ይታሰበኛል። በማግስቱ ቀስ ብሎ ካበጠ ወደ ሜኒስከስ አዘነብላለሁ። “ሲጎዳ ቷ ሲል ሰማህ ወይ?” “ሲዞሩበት ይከዳሃል ወይ?” “ተቆልፎ አልዘረጋ ብሎህ ያውቃል ወይ?” ከዚያ በእጄ እመረምራለሁ። ራጅ የሚያስፈልገውን ለመለየት የኦታዋ መመዘኛ እዚያም ይሠራል፦ ዕድሜው 55 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የጉልበት ሎሚው ብቻውን ሲነካ ካመመው፣ የፊቡላው ራስ ሲነካ ካመመው፣ 90 ዲግሪ ማጠፍ ካልቻለ፣ ወይም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው።

እዚህ ላይ ለታናናሾቼ አንድ ነገር ላስምርበት። ትግል የሚጫወት ልጅ ጉልበቱን ባመመው ቁጥር ጥፋተኛው ትግል አይደለም። ወጣት ሁሉ ወድቆ ያውቃል፤ ስለዚህ ቤተሰብ ሁልጊዜ አንድ ውድቀት ያስታውሳል። ትኩሳት ያለው፣ ጉልበቱን ማንቀሳቀስ የማያስችለው ልጅ መገጣጠሚያው መግሎ ሊሆን ይችላል፤ ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ለወራት ቀስ እያለ የሚያብጥ፣ ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ አንድ ጉልበት በእኛ አገር ቲቢ እስካልሆነ ድረስ ቲቢ ነው ብላችሁ አስቡ። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለውና ከጉልበት በላይ ወይም በታች አጥንቱ ካበጠ ራጅ ሳይነሣ ወደ ቤቱ አይመለስ። የአጥንት ካንሰር በዚህ ዕድሜ በብዛት የሚነሣው እዚያው ጉልበት ዙሪያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። አንድ የ19 ዓመት ወጣት እናቱ ይዘውት መጡ። ከስምንት ወር በፊት ትግል ላይ ጉልበቱ ቷ ብሎ፣ ያኔውኑ አብጦ ነበር። ወጌሻ አሽቶለታል። አንድ ጤና ተቋም ሄዶም የሕመም ማስታገሻ ተሰጥቶት “ትግሉን ተው” ተብሏል። ምን ያደረገ ይመስላችኋል? ትግሉን አልተወም፤ ጤና ተቋም መሄዱን ነው የተወው። ሁለት ጊዜ ደግሞ ከዳው። የጭኑ የፊት ጡንቻ ከሌላኛው እግር ጋር ሲተያይ በዓይን የሚታይ ያህል ከስቷል።

ስጨርስ “ምን ጥያቄ አለህ?” አልኩት። ስለ ትግሉ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። “ዶክተር፣ ሱጁድ ወርጄ እንደ ድሮው እነሣለሁ ወይ?” አለኝ። ለታመመ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድ ያውቃል። ግን በ19 ዓመቱ መስጊድ ውስጥ ከሽማግሌዎቹ ጎን ወንበር ላይ መቀመጡ አሳፍሮታል። እናቱ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረባቸው። “ዶክተርዬ፣ አዲስ አበባ ወስደን እናስቀድደው ብለን በሬ ልንሸጥ ነው” አሉኝ። ከሁለቱ አንዱ በሬ ማለት ነው። አንድ በሬ ብቻውን እንደማያርስ ሁላችንም እናውቃለን።

ለእኚህ እናት መልስ ለመስጠት ጥናት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የስዊድን ጥናት አለ። ኤሲኤላቸው የተበጠሰ 121 ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። 62ቱ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። 59ኙ በእንቅስቃሴ ሕክምና ጀምረው፣ ካስፈለገ በኋላ እንዲቀደዱ ተደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ59ኙ ቀዶ ሕክምና ያስፈለጋቸው 23 ናቸው፤ የሁለቱ ቡድኖች ውጤትም በታካሚዎቹ ሚዛን አልተለያየም። በአምስት ዓመት የተቀደዱት ወደ ግማሽ ደርሰዋል። ፕሮፌሽናል ስፖርተኞች በጥናቱ አልተካተቱም፣ ስዊድንም ከሚሴ አይደለችም። ግን “መጀመሪያ ሦስት ወር በደንብ እንሥራ፣ በሬው ይቆይ” ለማለት ይበቃል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሥራው ደግሞ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ጋቢ አጣጥፎ ከጉልበት ሥር አድርጎ ቁልቁል መጫን፤ እግርን ዘርግቶ ቀስ ብሎ ማንሣት፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያለ እጅ ድጋፍ መነሣት፣ ሲለመድ በአንድ እግር፤ ደረጃ መውጣትና መውረድ፤ በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅ። መለኪያው ቀላል ነው። ሲሠሩ ትንሽ ቢያምም በማግስቱ ጠዋት ካልቀጠለና ካላበጠ ልክ ነው። ካበጠ በዝቷል፤ አንድ ደረጃ ዝቅ ይበል፣ ግን አይቁም።

ወደ ትግል መመለስ የሚቻለው ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ፣ እብጠት ሲጠፋ፣ በአንድ እግር ሲዘል ከጤነኛው ጋር ሲቀራረብ ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ደግሞ ከዘጠኝ ወር በፊት ቢመለስ እንደገና የመጎዳት ዕድሉ በጣም ከፍ ይላል። ሲመለስም መጀመሪያ ያለ ግጥሚያ አያያዝና እግር አጣጣል፣ ከዚያ ከሚያምነው ጓደኛ ጋር በዝግታ፣ በመጨረሻ ውድድር። ዲክሎፌናክ ተወግቶ ሜዳ መግባት ግን መፍትሔ አይደለም። ማስታገሻው ሕመሙን ቢያበርደውም የተበጠሰውን ጅማት አይቀጥለውም።

የወጌሻውንም ነገር ልጨምር። ወጌሻን መስደብ ለእኛ ቀላል ነው፤ ግን ወጣቱ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደርስለት እሱ ነው፣ የሚታመነውም እሱ ነው። ስለዚህ እኔ ከወጌሻ የምለምነው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የሞቀና ያበጠ ጉልበት እንዳያሽ፣ አጥብቆ እንዳያስር፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ ወይም ትኩሳት ካለ ያኔውኑ እንዲልክልኝ። ጠብቆ ታስሮ ወደ ጋንግሪን የተለወጠ እግር ያላየ ሐኪም በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

ወጣቱ የት ደረሰ ትሉኝ ይሆናል። ሦስት ወሩ አልፎ ዘጠኝ ወር ሆኖታል። ያርሳል፣ እንደ ድሮውም ይሰግዳል። በሬው አልተሸጠም። በቀጥታ ሲሄድ ጉልበቱ አይከዳውም፤ በፍጥነት ሲዞር ግን አንዳንዴ ይሸሸዋል። ስለዚህ ከታናናሾቹ ጋር እያያዘ ያሠለጥናል፣ ውድድር ገና አልገባም። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገው እንደሆነ አብረን እየተመካከርን ነው። ውሳኔው የእሱ ነው፤ የእኔ ድርሻ እያወቀ እንዲወስን ማድረግ ነው።

ከዚህ ጉባኤ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር ሐሳቡ ባለሙያው ሰው ወዳለበት እንዲሄድ ነበር። እኛም በቡድን ሥልጠና ወደ ትናንሽ ከተሞች ወጥተን የተማርነው ለዚህ ነው። አንደኛ፣ የፊዚዮቴራፒ ትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች በዚያው ልማድ እንደ ከሚሴና ባቲ ወዳሉ ከተሞች ቢወጡ። ሁለተኛ፣ ለአሠልጣኞችና ለወጌሻዎች የምትሆን አንዲት ገጽ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ ሥዕል ያላት፣ አብረን ብናዘጋጅ። ረቂቁ በእጄ አለ፤ በሻይ ሰዓት ፈልጉኝ።

“ተው” ማለት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። “እንዲህ እያደረግህ ቆይ” ማለት ግን ሃያ ደቂቃና ብዙ ቀጠሮ ይፈልጋል። ልጁ ተመልሶ የሚመጣው ለሁለተኛው ነው።