ተምሮ የተመለሰ ምን ይሥራ?



በውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ሰው ሐሳቡ ብዙ፥ ገንዘቡ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፥ በፉልብራይትና በሌሎች የልውውጥ ዕድሎች ተምረው ለተመለሱ ሰዎች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2011 አነስተኛ የሥራ ድጎማ ጀመረ። በ2023 ለአንድ ዕቅድ የሚሰጠው ከ5,000 እስከ 35,000 ዶላር ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፥ ደንቡ ቢያንስ ሁለት ሰዎች እንዲተባበሩ ያዝዝ ነበር።

ዳሩ ግን ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው አብሮ እንዳያልቅ የሚያሰጋ ነው። ሥራው የሚዘልቀው አስተማሪው፥ ገበሬውና የሰፈሩ ወጣት ከመጀመሪያው የገቡበት እንደሆነ ነው። እኛም ነገ ባሕር ተሻግረን ብንማር፥ ዲፕሎማ ብቻ ሳይሆን ወገንን የሚጠቅም ሥራ ይዘን እንመለስ። እስከዚያውም የበላይ ክፍል ተማሪዎች የበታቾቻችንን እናስጠና፤ ይህ ድጎማ አያሻውም።